ለወርቅ ፍለጋ የትኛው ዶማ ይሻላል?

ወደ ሻኪሶ ልትወርዱ ተዘጋጅታችሁ ስለ መቆፈሪያ ለጠየቃችሁኝ፦ ለዲቴክተሩ፣ ማለትም ከመሬት ሥር ወርቅና ብረት ሲያገኝ ለሚጮኸው ማሽን፣ ያልሰሰታችሁትን ገንዘብ ለዶማውም አትሰስቱ። ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይቆፍርም።

የመጀመሪያ ዶማዬን ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ ቀለሙ ገና የሚያብረቀርቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቀዩ አፈር ሥር ነጩን ድንጋይ ሲያገኘው አፉ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተጠማዘዘ። ስለዚህ ዝግጁ ዶማ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አስፈቅዳችሁ የአፉን ጠርዝ በሞረድ ሞክሩት። ሞረዱ ያለ ምንም ትግል ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ይታጠፋል። እንደ መስተዋት የሚያንሸራትተው ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል፤ ድንጋይ ሲነካ ይሸራረፋል። ሞረዱ እየታገለ የሚነክሰውን ምረጡ።

ከገበያው ዶማ ይልቅ የምመክረው ግን ከመኪና ባሌስትራ የተሠራውን ነው። ባሌስትራ ጭነት ተሸክሞ እየጎበጠ እንዲመለስ ተብሎ የተሠራ ብረት ስለሆነ ዓለቱን ይችለዋል። ፌሮ ግን ለቤት ምሰሶ እንጂ ለዶማ አይሆንም። አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ብትሄዱ ብረቱንም ቀጥቃጩንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። አንጥረኛውን አፉን እንዴት እንደሚያጠነክረው ጠይቁት። አግሎ በዘይት ነክሮ ብቻ የሚሰጣችሁ ከሆነ ይሰበራል፤ ከነከረው በኋላ እንደገና በመጠኑ የሚያሞቀውን ያዙ። ልኩን እናንተ ንገሩት፦ የዶማው ራስ ከ1.5 ኪሎ ባይበልጥ፣ አንዱ አፍ ሹል፣ ሌላው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፊ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሸክማችሁት ስለምትዞሩ ከባዱ የእርሻ ዶማ ትከሻ ይጨርሳል።

ዛቢያው የደረቀ ወይራ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ በሳምንቱ ይኮማተርና የዶማው ራስ ይወላልቃል። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መውረዱን እዩ፤ መስመሩ ወደ ጎን የሸሸ ዛቢያ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት እያጠጣችሁ ብታሹት ዕድሜው ይረዝማል። ውኃ ውስጥ መንከር የሚያጠብቀው ለአንድ ቀን ነው፤ ሲደርቅ ይብስበታል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ዶማውም አካፋውም ብረት ስለሆኑ ኮይሉ (መሬቱን የሚፈትሸው የማሽኑ ክብ ጫፍ) አጠገብ ካስቀመጣችኋቸው ማሽኑ የሚጮኸው ለእነርሱ ነው። ሁለት እርምጃ ራቅ አድርጉ። አፈሩን ለመለየት ወፍራም የፕላስቲክ መዝገኛ ያዙ፦ አንድ እፍኝ አፈር ዝገኑ፣ በኮይሉ ላይ አሳልፉት፣ ከጮኸ ግማሹን አፍስሱና እንደገና አሳልፉት። የሽንብራ ግማሽ የምታክል ፍሬ በመጨረሻው ቁንጥር አፈር ውስጥ ስትቀር ማየት እስካሁን ልቤን ያስደነግጠዋል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔትም ዶማው ጀርባ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። የሚስማርና የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ሁሉ ራሱ ይለቀምና ከከንቱ ቁፋሮ ትድናላችሁ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ሌሺ የሚባለው መቆፈሪያ ቢላዋ ጠንካራ ዕቃ ነው። ነገር ግን ለሣርና ለለስላሳ አፈር ነው የሚያገለግለው፤ በእኛ ድንጋያማ መሬት ዶማን አይተካም። ለትልልቅ ድንጋይ ዲጅኖ ያስፈልጋል፤ እርሱን ግን ለእያንዳንዱ ሰው መግዛት አያስፈልግም፣ ለቡድን አንድ ይበቃል።

ፈቃዳችሁን ከክልሉ ማዕድን ቢሮ ሳትይዙ አትቆፍሩ። ዛቢያም ሁለት አስጠርባችሁ ውረዱ፤ ጫካ ውስጥ ከተሰበረ ገበያው ሩቅ ነው።