ለደሴና ለኮምቦልቻ ኤዲተሮች፦ አልገባም ያለ ቪዲዮ በምን ይቀየር?

ሰርግና መንዙማ ኤዲት የምታደርጉ ወንድሞችና እህቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ። የወረደው ቪዲዮ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ጥርት ብሎ ይጫወታል። ኤዲት የሚደረግበት ፕሪሚየር ላይ ሲጎተት ግን ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ድምፁ ብቻ ይመጣል። በምን ልቀይረው? እኔ የምሠራባቸውን ልጠቁማችሁ።

ከሁሉ በፊት ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ኤምፒ4 እና ኤምኬቪ ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዙ ማሸጊያዎች ናቸው። ምስሉ የታመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴክ፣ ሌላ ነው፦ ኤች.264፣ ኤች.265፣ ቪፒ9፣ ኤቪ1። ሚዲያኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሁሉንም ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ቪኤልሲ ከፍታችሁ ኮንትሮልና ጄን ብትጫኑም ኮዴኩን ታገኙታላችሁ።

ማሸጊያው ኤምኬቪ፣ ውስጡ ኤች.264 ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ብዙዎቹ የፕሪሚየር ዕትሞች ኤምኬቪን አይቀበሉም እንጂ ምስሉ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ምርጫዬ ሸተር ኢንኮደር የሚባለው መቀየሪያ ነው፤ በነፃ ይወርዳል። ሪራፕ የሚለውን ምረጡና ኤምፒ4 በሉት። ማሸጊያውን ብቻ ስለሚቀይር ጥራት አይቀንስም፣ ፋይል ኮፒ የማድረግን ያህል ጊዜ ነው የሚወስደው። ኦቢኤስ የሚባለውን ስክሪን መቅረጫ የጫናችሁ ደግሞ ፋይል ሜኑ ውስጥ ሪመክስ የሚለው ያንኑ ይሠራል። ሃንድብሬክ የሚባለው ሌላው ነፃ መቀየሪያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ምስሉን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚያምቀው።

ሃንድብሬክ የሚያስፈልጋችሁ ድምፅና ምስል ሲለያዩ ነው። ስልክ ሲቀርፅ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። ማጫወቻው ይችለዋል። ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ግን እኩል ፍሬም ስለሚጠብቅ ቪዲዮው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። መስከረም 21 ግሸን ላይ በስልክ የተቀረፀ ረጅም ዝማሬ ይህ ያጋጥመዋል። መንዙማ ላይ ደግሞ ወዲያው ያስታውቃል፤ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ዘግይቶ ይታያል። ሰው በፍቅር የሚያዳምጠውን ነገር እንዲህ አድርጎ ማስረከብ ልብ ይሰብራል።

መፍትሔው ሃንድብሬክ ላይ ቪዲዮ የሚለውን ገጽ ከፍቶ ፍሬም ሬቱን 25 ወይም 30 ማድረግ፣ ከሥሩም ኮንስታንት ፍሬም ሬት የሚለውን መምረጥ ነው። ይቺን ሁለተኛዋን አትዝለሏት፤ ብዙዎቹ የተዘጋጁ ምርጫዎች እኩል ፍሬም አይሰጡም። ጥራቱን አርኤፍ 18 አካባቢ አድርጉት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉም መጠን ይጨምራል። ሾትከት የሚባለውን ነፃ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ፋይል ስታስገቡ ራሱ ለይቶ ልቀይርላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም።

ፋይሉ ገብቶም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤች.264 እና ኤች.265 አብዛኛውን ፍሬም ከጎረቤቱ የሚለይበትን ብቻ ነው የሚይዙት። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ መልሶ ማስላት አለበት። ፕሮሬዝና ዲኤንኤክስኤችአር የሚባሉት የኤዲቲንግ ኮዴኮች እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይይዛሉ፣ ስለዚህ ይፈጥናሉ። ግን ቦታ ይበላሉ፦ ፕሮሬዝ 422 በ1080 ጥራትና በ25 ፍሬም ለአንድ ሰዓት 55 ጂቢ ገደማ ይወስዳል። አንድ ቀን ሙሉ የተቀረፀ ሰርግ በዚህ ከቀየራችሁ ሃርድ ዲስክ አይበቃችሁም። ስለዚህ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጥ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቅጂ፣ ሥሩ። ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮቹ ፕሪሚየርም ዳቪንቺም ኬደንላይቭም ይሠሩላችኋል፤ በትንሹ ቆርጣችሁ በዋናው ታወጣላችሁ። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ፋይሎቹን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍላችሁ ቀይሩ፤ ያለቀው በእጃችሁ ይቀራል።

ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ማስቀየርስ? ላፕቶፕ ለሌለው ሰው ጥሩ ነው፣ ፈጣንም ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ሥራቸው ፊልም ለፍላሽ ማሳነስ ስለሆነ የእናንተንም አሳንሰው ይሰጧችኋል። «ሳይዙ አይቀንስብኝ፣ ፍሬሙ እኩል ይሁንልኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ፍላሻችሁ ፎርማቱ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ቀድማችሁ ባክአፕ ይዛችሁ ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት አድርጉት። ቪዲዮ ስቱዲዮ ያላቸው ልጆች ዋጋቸው ከፍ ሊል ይችላል፣ ግን ችግሩን ያውቁታል። ለሰርግ እኔ ወደ እነሱ ነው የምልከው። በሙከራ የሚሰጡና ምስሉ ላይ ስማቸውን የሚለጥፉ ኮንቨርተሮችን አልመክርም፤ ነፃዎቹ ይበልጧቸዋል።

ከዩቲዩብ የራሳችሁን ወይም የተፈቀደላችሁን ስታወርዱ 1080 ኤምፒ4 በኤች.264 ምረጡ። ከ1080 በላይ ያለው ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 ስለሆነ ያስቸግራችኋል። ቀራጩ በቴሌግራም የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እስከ 2 ጂቢ ድረስ ሳይታመቅ እንዳለ ይደርሳችኋል።