ከሮቢት ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን መጥቼ እንቅልፍም ትምህርትም እምቢ አለኝ፤ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ልሙላ?

የሮቢት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የግቢውን ስም ልተወው። ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሙቀቱ ሲብስ ውጭ የሚታደርበት አገር። እዚህ የገባሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ ያኔ ትንሽ ይሻል ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። ጠዋት ከዶርም ስወጣ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ፊቴን ልታጠብ ቧንቧ ስከፍት ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም።

ብርዱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ሌሊት እግሬ አይሞቅም፣ ስለዚህ አልተኛም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸለብ ያደርገኝና የሁለት ሰዓቱ ክላስ ያመልጠኛል፣ ቁርስም አብሮ ያልፈኛል። ዶርሙ ውስጥ ስድስት ነን። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ያወራል፤ «ቀስ በል» ስላልኩት ካኮረፈኝ ሳምንት ሆነው። የማትስ ሚድ ከ30 ያመጣሁት 9 ነው። ሃይስኩል እያለሁ ከክፍል አንደኛ ነበርኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» እያለ ነው የሸኘኝ። እማዬ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው» እላትና ስልኩን ዘግቼ እከናነባለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከአልጋ አልወርድም። አንዱ የዶርሜ ልጅ ጫት ቅመን እንቸክል ይለኛል፣ ሌላው ማታ ማታ ከሰል እናስገባ ይላል። እኔ ዊዝድሮው ሞልቼ ብመለስ ይሻላል እያልኩ ነው። ያለፈበት ካለ እውነቱን ንገሩኝ።

መንዜው፦
ወንድሜ መጀመሪያ ልሳቅ፣ ከዚያ እመክርሃለሁ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይቶ ነው ይቺን ከተማ የቆረቆረው ይባላል፤ ብርዷን ግን ያየ አይመስለኝም። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። በመሃል ያለውን የጣርማበርን ዳገት ወጣህ ማለት አገር ቀየርክ ማለት ነው።

ከቤት ያመጣሃትን ስስ ብርድ ልብስ እርሳትና የመንዝ ባና ግዛ፣ ያ በበግ ጠጉር የሚሠራው። አዲሱ ከተወደደብህ ገበያ ወርደህ ያገለገለ ጠይቅ። ስትገዛ ወደ ፀሐይ ዘርግተህ እየው፤ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ አልቋልና ተወው። ደግሞ ሁሉም ሰው ላዩን ብቻ ይደራርባል። ፍራሹ ስስ ከሆነ ብርዱ የሚበላህ ከሥር ነው። እኔ አንደኛ ዓመት ከፍራሹ ሥር ካርቶን አነጥፍ ነበር፤ ዶርም ውስጥ «ባለ ሱቁ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፣ እኔ ግን እንቅልፌን ለጥጬ ነበር የማድረው። ክላስ ከሌለህ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ውጣና ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ ሙቅ።

ነርሷ፦
ከሰሉን በጭራሽ! ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። «ጭሱ ካለቀ፣ ፍም ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለውን አትመኑ፣ ፍሙም ይገድላል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ሰው ግን ሳያውቀው እንደተኛ ይቀራል። ስድስት ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ! ልጁ ካስገባው ያኩርፍህ፣ አውጣው። በምትኩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ (የፈላ አይደለም) ሙላና ክዳኑን አጥብቀህ፣ ካልሲ ውስጥ ከተህ እግርህ ሥር አድርገው። እግር ሲሞቅ እንቅልፍ ቶሎ ይመጣል።

ከቆላ ለመጣ ሰው ከፍታው ራሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ አንተ ደግሞ ሦስተኛ ወርህ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው፤ ከአልጋ አለመውረዱ፣ መከናነቡ። እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የድብርት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ክሊኒክ ሂድ፤ ስትሄድ ታዲያ ጉንፋን ነው ብለህ አትዋሽ። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሁሉም ነገር አስጠላኝ» በል። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሳይነጋ ለጓደኛ ወይም ለፕሮክተሩ (ለዶርም ተቆጣጣሪው) ንገር።

ሲኒየሯ፦
መንዜው ባና ባና ይላል፣ የልጁን ነገር ግን ባና ብቻ አይሸፍነውም። እናቱን እየዋሸ እኮ ነው የሚያድረው! እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኤፍ በልቻለሁ። ለአባዬ ሳልነግረው ሁለት ወር ከረምኩ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ነበር። የነገርኩት ቀን ዝም አለ፣ ዝም አለና «ምሳ በልተሻል?» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር ያ ሁሉ ፍርሃት።

ጫቱን ተወው። ሌሊቱን ምርቃና ላይ ታድራለህ፣ ጠዋት ክላስ ያመልጥሃል፣ አንተ ደግሞ ያጣኸው እንቅልፍ ነው። ከ30 9 ማምጣትህ ያማል፣ ግን ኩዊዙም አሳይመንቱም ፋይናሉም ሲደመር ገና 70 ይቀርሃል። አሁኑኑ አስተማሪው ጋ ሂድና ወረቀትህን አይተህ የት እንደሳትክ ጠይቅ፤ ብዙ ፍሬሽ ይህን ያፍራል። ስልክ የሚያወራውን ልጅ ሌሊት አትናገረው፣ ቀን ሻይ ጋብዘህ ንገረው። መሄዱ ግድ ከሆነብህም ዝም ብለህ እንዳትጠፋ፣ ሬጅስትራር ሄደህ ፎርሙን ሞልተህ ውጣ። ሳይሞሉ ጠፍተው በኋላ ለመመለስ ደጅ ሲጠኑ የከረሙ ልጆች አውቃለሁ።

የሮቢት ልጅ፦
ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ለገና ና፣ ዶሮው ይጠብቅሃል» አለችኝ። ሲስተር፣ ሰኞ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ከሰሉም አልገባም፤ የጻፍሽውን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ዊዝድሮውን ከገና መልስ አስብበታለሁ። መንዜው፣ ባናውንም ገዛሁ። ግን ይኮሰኩሳል እንዴ?

መንዜው፦
ይኮሰኩሳል። ከውስጥ አንሶላ አድርግና ተኛ።