ከጅማ አዲስ አበባ ልገባ ነው፤ ቤት ከመከራየቴ በፊት ምን ልወቅ?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ሥራ አግኝቻለሁ፤ የምጀምረው ከወር በኋላ ነው። አዲስ አበባ የማርፍበት ዘመድ የለኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ አንድ ክፍል ይበቃኛል። ሰው በብዛት የሚሸወደው ምኑ ላይ ነው? ከጅማ ሳልወጣስ ምን ልጨርስ?

የጀሞ ተከራይ፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ከኪራዩ በፊት መንገዱን አስላ። ጅማ ላይ አንድ ባጃጅ ያሰብክበት ያደርስሃል፤ አዲስ አበባ ታክሲው በመስመር ስለሚሠራ እየወረድክ ሌላ ትይዛለህ። ረከሰ ብለህ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ብትገባ ከኪራይ የቀነስከው ለታክሲ ይሄዳል፤ ሰዓትህም እንደዚያው። ለሜክሲኮ የሚቀናህ በጅማ መንገድ በኩል ነው፦ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ ጀሞ። ከጦር ኃይሎች የሚነሳው ቀላል ባቡርም በሜክሲኮ ያልፋል። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት በሥራ ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደህ የታክሲውን ሰልፍ እየው።

ቤቱ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ስለ ውሃ ጠይቅ። በፈረቃ ስለሆነ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሮቶ መኖር አለመኖሩን እወቅ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግፊቱ ሲያንስ 3ኛና 4ኛ ፎቅ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ ሊፍት ከሌለ ጀሪካን በደረጃ ተሸክመህ ነው። ይህንን አከራዩን ሳይሆን እዚያው የሚኖሩ ተከራዮችን ጠይቅ።

ቀጥሎ ቆጣሪ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የጋራ ቆጣሪ ላይ የሁላችሁም ተደምሮ ስለሚታሰብ አንድ አምፖል የምታበራው አንተም በውዱ ታሪፍ ትከፍላለህ። ድርሻህ በምን እንደሚታሰብ ቀድመህ ተስማማ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ ብዙ አከራይ ይከለክላል፤ እንጀራ በግዢ ከሆነ ወጪህ ውስጥ አስገባው። ግቢው ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ጠይቅ።

ውል አዋቂ፦
ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። የ6 ወር አምጣ የሚልህ ካለ ከሕግ ውጭ ነው። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ላክ፣ ደረሰኙንም አስቀምጥ።

አከራዩ ራሱ ተከራይ እንዳይሆን ካርታውን ወይም የኮንዶሚኒየሙን ውል ከመታወቂያው ጋር አስተያይ። ቤት ለማሳየት ብቻ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመህ ተወው፤ ኮሚሽን የሚከፈለው ቁልፍ ስትረከብ ነው።

የሂርማታ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሥራው የገንዘብ ያዥነት ነው፤ ከጅማ ምን ወረቀት ልያዝ?

ውል አዋቂ፦
ገንዘብ ያዥ ከሆንክማ ዋስ መጠየቅህ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ጅማ የሚሠራ ዋስ ይቀበሉ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውለህ ቀጣሪህን ጠይቅ። ከተቀበሉ ደብዳቤውን ሳትነሳ አስጽፍ። ፋይዳ ካልተመዘገብክ ጅማ እያለህ ተመዝገብ። መሸኛ ለማውጣት ግን አትቸኩል፤ የተመዘገበ የኪራይ ውል በእጅህ ሲገባ ይደርሳል።

የጀሞ ተከራይ፦
ብርድ ልብስ እንዳትረሳ። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብድሃል።