ፕላነሮች እርዱኝ፦ ተከራይና ጉሊት ነጋዴ ውይይት ላይ እንዴት ይምጡ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የምሠራ የከተማ ፕላነር ነኝ። የአካባቢ ልማት ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪውን ማወያየት የኔ ድርሻ ነው። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ፣ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

የከተማ ፕላን አዋጁ (574/2000) ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። እኛም ወረዳ አዳራሽ እንጠራለን። የሚመጡት ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው፤ ባለይዞታዎችና ጡረተኞች። በደባልነት የሚኖረው፣ ቀበሌ ቤት ጓሮ የተከራየው፣ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት የሉም። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ እሷ ደግሞ ያኔ ገበያ ላይ ናት፤ መንገድ ሲሰፋ ግን መጀመሪያ የምትነሳው እሷ ናት።

ካርታውም ሌላ ጣጣ ነው። ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን "አስተያየት ስጡ" እንላለን፣ ሰው ዝም ይላል። አንዲት እናት ግን ጠጋ ብለው "የእድራችን ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። አረንጓዴ ተቀብቶ ፓርክ ሆኗል። ጥያቄያቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ ብል "ቴክኒካል አይደለም" ተባልኩ። በጣም ነው ያዘንኩት።

በእድር በኩል ወይ ማታ ሰፈር ድረስ ሄዳችሁ ያወያያችሁ ካላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት? አለቆቻችሁንስ በምን አሳመናችሁ?

ሌላው፣ ወደ ዲዛይን ክፍል ተዛወሪ ተብያለሁ፣ እድገትም አለው። እዚህ አገር በነዋሪ ተሳትፎ ሥራ ላይ ጸንቶ ያደገ ፕላነር ታውቃላችሁ? ብቆይ ምን ልማር፣ ሶሺዮሎጂ ወይስ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታና የቦታ መረጃ ሥራ)? እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ።