«ልጆቻቸው ይሙሉላቸው» መልስ ነው እንዴ?

ሰብለ (ምሥራቅ ለንደን)፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «የባንግላዴሽና የፓኪስታን አሮጊቶች የሐኪም ቤቱን አፕ መጠቀም አይፈልጉም፣ ሪሴፕሽኑን ያጨናንቃሉ፣ ፎርሙን ልጆቻቸው ይሙሉላቸው» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ጎረፈለት። እኔ የምሠራው ታወር ሃምሌትስ ውስጥ ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም ቤት) ሪሴፕሽን ላይ ነው። በ2021 ቆጠራ ከአካባቢው ሰው 34.6 በመቶው ባንግላዴሻዊ ነው። «አይፈልጉም» የተባሉትን እናቶች በየቀኑ አያቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ ባዶ ካርቶኑን በፌስታል ይዘው መጡ። አፑን ልክፈትላቸው ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩ። የመግቢያ ኮዱ የሚላከው ልጃቸው ስልክ ላይ ነው፤ ሲመዘገቡ የሰጡት የሱን ቁጥር ነዋ። ደወልንለት። ሚኒካብ እየነዳ ስለሆነ አላነሳም። መልሶ ሲደውል የኮዱ ጊዜ አልፏል። ይሄ አለመፈለግ ነው?

ኮደሩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ከአቋሜ ፈቀቅ አልልም። የኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) አፕ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልክ ጆሮ ላይ ለጥፎ ወረፋ መጠበቅ ይሻላል? የሚችለው በአፕ ሲሄድ መስመሩ ለማይችለው ይለቀቃል። ለእናቴ የምሞላው እኔ ነኝ። ልጅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሲስተር ሐና (በርሚንግሃም)፦ «ልጆቻቸው ይሙሉላቸው» ያልከውን ልያዘው። አንዲት እናት ሽንት አላስችል ብሏቸዋል እንበል። ወይም ጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተዋል። ይህንን ለወንድ ልጃቸው ነግረው እሱ ፎርም ላይ ይጻፍላቸው? ያንተ እናት ይነግሩሃል? የኤንኤችኤስ መመሪያ ራሱ ቤተሰብን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ ባለሙያ በነፃ አቅርቡ ነው የሚለው። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ አይሆንም የተባለው ነገር ፎርሙ ላይ ሲሆን እንዴት ይሆናል?

ኮደሩ፦ ፕሮክሲ የሚባል ነገር አለ እኮ። እናትየዋ ከፈቀዱ ጂፒው ለልጁ በሕጋዊ መንገድ ይከፍትለታል፤ በራሱ አፕ ገብቶ የሳቸውን መድኃኒት ያዛል። የግል ጉዳይ ካላቸው ይደውሉ።

ሲስተር ሐና፦ በምን ቋንቋ ይደውሉ? ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወራው በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ነው። 1ን ይጫኑ፣ 2ን ይጫኑ ሲል ብዙዎቹ ይዘጉታል።

አባ መላ (ሌስተር)፦ ልጆች፣ ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቁ። የኔ ጎረቤቶች በ1972 ኢዲ አሚን ከኡጋንዳ ያባረራቸው የሕንድ ዝርያ ያላቸው ጉጃራቶች ናቸው። ሱቅ ያስተዳደሩ፣ ሂሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች። እንግሊዝኛቸው ከኔ ይሻላል። አንዱ ሽማግሌ የደም ግፊቱን ቤቱ ለክቶ በስልኩ ይልካል። ከባንግላዴሽ፣ ከሲልሄት የመጣች እናት ታሪክ ሌላ ነው። ባልየው በ1960ዎቹ መጥቶ ልብስ ስፌት ወይም ምግብ ቤት ሠራ፣ እሷ በኋላ መጣች። ወረቀት ወረቀቱን የሚጨርሰው እሱ ነበር። እሱ ሲሞት እሷ ከደብዳቤ ጋር ብቻዋን ቀረች። «የእስያ ሽማግሌዎች» ስትሉ የትኞቹን ማለታችሁ ነው?

የአሌክሳንድሪያው (ቨርጂኒያ)፦ እናንተ እንግሊዝ ያላችሁ ለምን ሕግ አትጠይቁም? እዚህ አሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ አለ፣ ኦባማኬር የሚባለው የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557 አለ። ከድንገተኛ በቀር ሆስፒታል ሕፃን ልጅን ማስተርጎም አይችልም። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ያለው ተርጓሚ ይየው ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ይሠራበታል።

ሰብለ፦ መጀመሪያ ሐኪም ፊት ለመቅረብ ኢንሹራንስ ያስፈልጋችሁ የለ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ስለ ኢንሹራንስ ማን አነሳ? ለሽማግሌዎች ሜዲኬር የሚባል የመንግሥት ኢንሹራንስ አለ።

ፍቅርተ (ሜሪላንድ)፦ ለሁሉም የለም፣ ሰው አታሳስት። ልጁ በግሪን ካርድ ያመጣው አባት አሜሪካ ሠርቶ ካላወቀ፣ ሜዲኬርን በራሱ ገንዘብ ለመግዛት እንኳ 5 ዓመት መኖር አለበት። ሕንዶቹ ጎረቤቶቼም የኛም ወላጆች እዚህ ላይ ነው የሚሰቃዩት። ለኢንተርኔት ይሰጥ የነበረው የወር 30 ዶላር ድጎማም በ2024 ቆሟል። ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ሐኪም በቪዲዮ እንዴት ያያል?

ኮደሩ፦ አሜሪካን ተዉትና ወደ ነገሩ እንመለስ። ችግሩ ቋንቋ ከሆነ አፑ በቤንጋሊና በኡርዱ ይተርጎም፣ አለቀ።

ሰብለ፦ አላለቀም! እዚህ ሰፈር ያሉ እናቶች የሚናገሩት ሲልሄቲ ነው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም፣ ቤንጋሊም አያነቡም። የማይነበብ ጽሑፍን በሌላ የማይነበብ ጽሑፍ ብትተካው ምን ይጠቅማቸዋል? ድምፅ ይሁንላቸው፣ ሲነኩት በሲልሄቲ የሚናገር። ካልሆነ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው የኤንኤችኤስ የመረጃ ተደራሽነት ስታንዳርድ ለአካል ጉዳተኞች ነው፤ የውጭ ቋንቋ ትርጉምን አይጨምርም። ስለዚህ አፑን የሚሠራውን ድርጅት በዚያ ልትጠይቀው አትችልም።

ኮደሩ፦ ለሚቀመጠው ሰው ደመወዝ ማን ይከፍላል?

ሲስተር ሐና፦ ለዳያሊሲሱስ፣ ለኩላሊት እጥበቱ፣ ማን ይከፍላል? የደቡብ እስያ ዝርያ ያለው ሰው ለዓይነት 2 ስኳር ያለው ተጋላጭነት ከነጮቹ ከ2 እስከ 4 እጥፍ ነው፤ የሚይዘውም በወጣትነቱ ነው። ያ ፎርም አልሞላ ብሎ መድኃኒት ሲቋረጥ ዓይን ይጠፋል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እኔ ቁስል የማጥብላቸው እግሮች አሉ።

አባ መላ፦ የእንግሊዝ ጂፒዎች ደንብም እኮ ከናንተ ጋር ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የኢንተርኔቱ ፎርም ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት ይሁን ተባለ እንጂ ስልክም በአካል መምጣትም አልቀረም። ሦስቱም በር ክፍት መሆን አለበት። ሰውን ከደጅ የሚመልሰው ሪሴፕሽን ነው።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ በኛ አያሳብቡ። «ወደ አፕ ላኳቸው» የሚል ትእዛዝ ከላይ ነው የሚመጣልን። እኔ እምቢ ብዬ ወረቀት ላይ ስሞላላቸው የምጠየቀው እኔ ነኝ።

አባ መላ፦ አንቺን አላልኩም ልጄ። ግን አሮጊት እናት በአፕ ይምጡ ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ፣ ያለችውም ሪሴፕሽኒስቷ ናት። ትእዛዝ ነው ብሎ ሰው ማባረር ደግ አይደለም።

ሰብለ፦ ይሄ አነጋገር ያሳዝናል። በደቂቃ ስንት ሰው እንደምናስተናግድ ቢያዩት አይሉትም ነበር።

ፍቅርተ፦ ኮደሩ፣ ለእናትህ ፎርሙን ስትሞላ አጠገብህ ናቸው?

ኮደሩ፦ እሷ ሊድስ ነው ያለችው፣ በስልክ ነው። የምትለኝን ነው የምጽፈው።

ሲስተር ሐና፦ የማይሉህንስ?

ኮደሩ፦ እናቴን ከዚህ ክርክር አውጧት። ፕሮክሲ እንዴት እንደሚከፈት ነገ በአማርኛ እለጥፋለሁ፣ የፈለገ ይጠቀምበት።

ሰብለ፦ ለጥፍ። ጂፒው በወረቀት የሚሰጣቸውን 3 የመመዝገቢያ መረጃዎችም ጨምርበት፤ በነሱ ከሆነ የፓስፖርት ፎቶና የፊት ቪዲዮ ሳይጠየቁ መግባት ይችላሉ። ብዙ ሰው አያውቀውም። «ልጆቻቸው ይሙሉላቸው» የሚለውን ግን አንሳው።

ኮደሩ፦ አላነሳም።