ልብ ወለዴ ውስጥ ያለው ወንድም እህቱን «አንቺ እሷ አይደለሽም» ይላታል፤ እውነት እንዲህ ይሆናል?

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ለሁላችሁም። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ታሪኩም እዚሁ ሰፈራችን ነው። አንድ ልጅ ከሚሠራበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ይወድቃል። ሲነቃ እናቱንም ጓደኞቹንም ያውቃል። ያሳደገችውን ታላቅ እህቱን ግን «እህቴን ትመስያለሽ እንጂ እሷ አይደለሽም» ይላታል። እንዲህ ያለ ሕመም አለ? የልጅነቱን ሁሉ ረስቶ አደጋውን ብቻ ቢያስታውስስ ያስኬዳል? ሕክምናውስ እንዴት ነው? በዚህ ያለፈ ቤተሰብ አንብቦት እንዲያዝንብኝ አልፈልግም።

መልስ፣ ነርስ ነኝ
አዎ አለ። ካፕግራስ ሲንድሮም ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1923 እ.ኤ.አ. ከሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ሕመሙ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በጭንቅላት ጉዳት ብቻ ሳይሆን ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው የአእምሮ ሕመምና በእርጅና የመርሳት ሕመምም ይመጣል።

ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይኼ ነው። ልጁ ፊቷን አልረሳም። ዓይኗን፣ ጥርሷን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይቀር ያውቃል። የጠፋበት የሚወዱትን ሰው ሲያዩ ውስጥን ሞቅ የሚያደርገው ስሜት ነው። ፊትን የሚለየውና ስሜትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ተለያይተዋል። ስለዚህ «ፊቷ የእሷ ነው፤ ግን ምንም አልተሰማኝም፤ እንግዲህ ሌላ ሰው ናት» ይላል። እናቱን አውቆ እሷን መካዱም ያስኬዳል። ብዙ ጊዜ የሚካደው በጣም የቅርብ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ተገልብጧል። የልጅነት ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሚጠፋው የአደጋው ሰዓትና በዙሪያው ያለው ጊዜ ነው። ሲወድቅ የሚያስታውስበት ምዕራፍ ካለሽ፣ እባክሽ አውጪው።

መልስ፣ ከሰበታ
እህቴ፣ ይኼ በቤታችን የደረሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ በሞተር ተገጭቶ ከሆስፒታል ሲወጣ እኔን አንቱ ማለት ጀመረ። «እርስዎ፣ እህቴን የት አደረሷት?» ይለኝ ነበር። ደጅ ወጥቼ ስደውልለት ግን ድምፄን ወዲያው ይለየዋል። «እታለም፣ የት ጠፋሽ? እዚህ አንዲት ሴትዮ አስቀምጠውብኛል» ብሎ አለቀሰ። ስልኩን ይዤ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

በማስረጃ ላሳምነው ሞከርኩ። ልጅ ሆኖ የዳቦ ብር ጥሎ፣ እኔ ጣልኩት ብዬ የተገረፍኩለትን ነገርኩት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ፊቱ ጠቆረ። «አስጨንቃችሁ አናገራችኋት ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ምግብ አልበላ አለ። ስለዚህ ያቺ ልጅ ምስጢር ነግራው የሚያምናት አድርገሽ እንዳትጽፊ። እንዲያውም ይብስበታል።

ሐኪሙ «አትከራከሪው፣ ውሸቱንም አታጽድቂለት» አለኝ። ደግሞ ሲቆጣ ብቻሽን አትሁኚ ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ አስመሳይ ነው ያሉትን ሰው የሚመቱ አሉ። የእኔ ወንድም ቀስ እያለ ነው የተሻለው። አንድ ቀን አንቺ ይለኛል፣ በማግስቱ ወደ አንቱ ይመልሰኛል።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ እታለም፣ ስላካፈልሽኝ። በስልክ መለየቱን አላውቅም ነበር። ሕመሙ ቢፈቅድልሽ አንድ ልጠይቅ፦ እሱ አንቺን ይናፍቅ ነበር?

መልስ፣ ከሰበታ
በጣም። አጠገቡ ተቀምጬ እኔን ይናፍቅ ነበር። ልብ ወለድሽን ስትጽፊ እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

መልስ፣ ከቱሉ ዲምቱ
ሕክምናውን ጠይቀሻል። ከእናንተ ሰፈር መጀመሪያ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሊወስዱት ይችላሉ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ለማየት ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ አቤት ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። እህቱን መካዱ የሚታወቀው ከነቃና መናገር ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔ የአእምሮ ሐኪም ይገባበታል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልንም ማስገባት ትችያለሽ።

እናትየዋ ጸበል መውሰዷ አይቀርም። እባክሽ እሷን ክፉ አታድርጊያት። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው የሚሄዱበት ቤት ብዙ ነው፤ ችግሩ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። ሌላው፣ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን ብቻ ተመትቶ አይነሳም። እግሩን በጄሶ አድርጊው። ያኔ የሚያጥበውና የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ሰው አላውቅሽም የሚላት እህቱ ትሁን።