የባለቤቴ ቪዛ አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ (ከኢንተርቪው በኋላ የሚደረግ ተጨማሪ ማጣራት) ላይ ቆሞ ቀረ፣ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች። እኔ አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ዜጋ ነኝ። ባለቤቴ ለትዳር ቪዛ ኢንተርቪው ካደረገች 9 ወር አለፋት። የዛን ቀን 221 ጂ የሚል፣ ቪዛው ለጊዜው እንዳልተሰጠና ጉዳዩ ገና እንደሚጣራ የሚገልጽ ወረቀት ሰጧት፣ ቀጥሎ ዲኤስ 5535 የሚባለው ጥያቄ በኢሜይል መጣ። የ15 ዓመት አድራሻ፣ ሥራ፣ ጉዞ፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደሸፈነ ሳይቀር ይጠይቃል (እኔ ካቻምና የት እንደነበርኩም በቅጡ አላስታውስ!)። ሞልታ በሳምንቱ ላከች።

ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። የቪዛው ሁኔታ የሚታይበት ድረ ገጽ ላይ "ተከልክሏል" ይላል። መጀመሪያ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ፣ ጉዳያቸው ገና እየታየ ላሉትም እንደዚያ እንደሚል የገባኝ በኋላ ነው። ኢሜይል ብንጽፍም መልሱ ያው "ይጠብቁ" ነው። የሕክምና ምርመራዋም 6 ወሩ ስላለፈ እንደገና መክፈላችን አይቀርም።

የኮንግረስ ተወካዬን ቢሮ አስጠየቅኩ፣ ያመጡልኝ ያንኑ መልስ ነው። አሁን አንድ ጠበቃ ፌዴራል ፍርድ ቤት የማንዳመስ ክስ (መንግሥት ያዘገየውን ጉዳይ እንዲወስን የሚጠይቅ ክስ) እንክፈት ይለኛል። ግን እኔ እንደገባኝ ዳኛው ቪዛ ስጡ አይልም፣ ወስኑ ነው የሚለው፤ ታዲያ ተቻኩለው እምቢ ቢሉስ? ከሳችሁ የምታውቁ ካላችሁ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ? ወይስ ትንሽ ልታገስ?

እሷ ደግሞ ቪዛው ደረሰ ብላ ሥራዋን ለቃለች፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ማታ ስንደዋወል ስለ ቪዛ ላናወራ ተስማምተን ነበር፣ ሁለት ቀን አልዘለቀም። እናንተ ይሄን ጊዜ እንዴት ቻላችሁት?